ንብ የማታየው አበባ

ቤት ውስጥ አርቴፊሻል አበባ ሳይ ደሜ ይፈላል። አይጠወልግ፣ አይሸት፣ ሥራው አቧራ መሰብሰብ ብቻ! ባለፈው እንጦጦ ማርያም አጠገብ የሚኖሩትን እትዬ አስካለን ልጠይቅ ሄድኩ። ባለቤታቸው ጋሼ ታደሰ ንብ አናቢ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ እቤታቸው ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ቡፌው ላይ፣ ከጋሼ ፎቶ አጠገብ፣ ቀይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ቆሟል። እኔ መቼም አፌን አልይዝም፤ "እትዬ፣ ግቢው አበባ በአበባ ሆኖ ይሄን ለምን ያስቀምጣሉ? ንብ እንኳ ዞር ብላ አታየውም" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ተነሱና መስኮቱን ከፈት አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ። ብዙም ሳንቆይ አንዲት ንብ ገባች። ያን ሁሉ የግቢ አበባ ትታ በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ አረፈች። ወዲያ ወዲህ አላለችም፤ ጨዋታ እንደሚሰማ ሰው ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ዝም አለች።

"ሁልጊዜ ትመጣለች?" አልኩ።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አበባው ጎንበስ አሉና በለሆሳስ፣ "ልጅ ናት፣ አላወቀችም። አትቀየማት" አሉ።

እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ "ይቅርታ፣ ጋሼ" አልኩ።