ባዶ ነው የተባለው ወንበር

በሰለች ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተደላድላ እንደተቀመጠች መጀመሪያ ያነሳችው የጭጋጉን ነገር ነበር። ዘንድሮስ ከአሊዩ አምባ በኩል ሽቅብ እየወጣ መድረሻ አሳጣን፣ ያጠብኩት ሱፍ እንኳ ሳይደርቅ ሦስት ቀን ሆነው፣ አለች። ቀጥላ ለጎረቤቷ ለለተጊዮርጊስ ጥርስ አዘነች። ለተጊዮርጊስ ጉንጯ እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሎ፣ አገጯን በነጠላ ጠፍራ፣ ጥርሷን ልታስነቅል መሄዷ ነው። አፏን መክፈት አትችልም። ለአሽሙር እንዲህ ያለ አድማጭ በስለትም አይገኝ።

ከፊታቸው ባለው ወንበር አንድ ወጣት ተቀምጧል። መነጽር አድርጓል፣ ቀይ የሱፍ የአንገት ልብስ ጠምጥሟል፣ ጆሮው ላይ ኤርፎን ሰክቷል። ደብረ ብርሃን ላይ የምክር ክፍል የከፈተ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነው፤ አንኮበር የወጣው መምህራንን ሊያሠለጥን ነበር። በሰለች ስሙን አልጠራችም፣ እኛም አንጠራም። ያወቀችው ግን ገና ከማጅራቱ ነው። እንዴት አታውቀው? አንድ ልጇ መስከረም የእናቷን ስልክ ማንሳት የተወችው በእሱ ምክር ነው። ሦስት ሳምንት ሞላ። ነገ ሆሳዕና ነው፤ ፋሲካን ያለ ልጇ ልትፈስክ ነው። ደብረ ብርሃን የምትሄደውም ለተጊዮርጊስን ላስታምም ነው ትበል እንጂ የልጇን በር ልታንኳኳ ነው።

«እኔ እምልሽ ለተዬ...» አለች ድምፅዋን ሞቅ አድርጋ። «ትምህርት ግን እንዴት ደስ ይላል?»

የሰው ጠባይ ከየት እንደሚመጣ ድሮ ማን ያውቅ ነበር? እኛ ደንቆሮዎቹ ከእግዜር ይመስለን ነበር፣ ጥቂቱም ከሰይጣን። አሁን የተማሩት መጥተው ገላገሉን። ከእናት ነው! ልጅ ቢፈራ ከእናቱ፣ ቢደፍር ከእናቱ፣ እንቅልፍ ቢያጣ ከእናቱ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር... ለካስ አራት ዓመት ተምረው የሚመረቁበት ኖሯል።»

ለተጊዮርጊስ መሳቅ ጥርሷን ስለሚወጋት ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ ተወራጨች። በሰለች ይብስ ተበረታታች።

የውሻውስ ነገር? ደወል በሰማ ቁጥር ምራቁ የሚንጠባጠብ ውሻ አለ አሉ፤ ፈረንጅ አጥንቶት ዓለም ጉድ አለ። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሊወጣ ደወል ሲደወል የማናችን ምራቅ ነው አርፎ የሚቀመጠው? ፈረንጁ በውሻ ከሚደክም አንኮበር መጥቶ ቢጠይቀን ምን ነበረበት? ከኋላ ወንበር አንድ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳቅ እንጂ ሳል አልነበረም።

«ደግሞ አያያዛቸው! ብትቆጪ የቆየ ቁስል አለብሽ ይሉሻል። ዝም ብትዪ፣ አምቀሽው ነው። ብትስቂ... ከሕመምሽ እየሸሸሽ ነው። በየት በኩል ታመልጫለሽ? እንዲህ ያለ ሐኪም መቼም በሽተኛ አያጣም። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባል የለ? መካሪው ራሱ መካሪ ከሌለውማ ዕድሜ ልኩን ይነግሣል።»

የወጣቱ ጆሮዎች እንደ አንገት ልብሱ ቀሉ። ኤርፎኑ ምንም እንደማያሰማው በሰለች ያኔ አረጋገጠች። ልቧ በደስታ ዘለለ። ሚኒባሱም ጆሮውን ሰጥቷል፤ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ አፉን ከፍቶ ይሰማል።

አሁን የወንበሩን ነገር ልታመጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት በሰለች ለልጇ በሶ ቋጥራ ሄደች። የመስከረም ጓደኛ ምክር ክፍል ናት ብላ በሩን አሳየቻት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ መስከረም «እማዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» ስትል ተሰማት። ለካ ሕክምና ነው። ባለሙያው ባዶ ወንበር ከፊቷ አድርጎ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና እናትሽን እዚህ አስቀምጠሽ የልብሽን ንገሪያት ብሏት ነበር። በሰለች ይህን በምን ታውቃለች? ልጇ ተቀመጪ አለቻት፣ ገብታ በሶዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ባለሙያው አቀርቅሮ ይጽፋል። መስከረም ዓይኗን እንደጨፈነች ቀጠለች።

«እማዬ፣ አንቺ ፊት ለፊት ተቆጥተሽኝ አታውቂም። ያስከፋሁሽን ሁሉ የሰማሁት ለጎረቤት ስታወሪ ነው። በአጥር በኩል ነው ያሳደግሽኝ።»

«ይኸው አለሁ እኮ ልጄ» አለች በሰለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው አይነገርም። መስከረም ጮኸች፣ በሶው ተደፋ፣ ባለሙያው በርግጎ ደብተሩን ጣለ። በሰለችን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኛት፤ ለመስከረም ደግሞ ልብሽ እስኪጠና ከእናትሽ ጋር አትነጋገሪ አላት።

ለለተጊዮርጊስ ግን እንዲህ ተብሎ አልተነገራትም። «ወንበሩ የእናት ነው ካሉ እናት ብትቀመጥበት ምኑ ነው የሚያስደነግጠው? እኔ ሳልኖር መምጣት ነበረብኝ መሰለኝ...» አለች በሰለች፤ ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የልጇ ቃል ግን ደረቷ ውስጥ እንደተሰነቀረ ነው። ከሁሉም ያበሸቃት እውነት መሆኑ ነው። አሁንም በአጥር በኩል እያወራች መሆኗ ትዝ ሲላት ሳቋ ቀጥ አለ። ግን ቁልቁለት የጀመረ ምን ይመልሰዋል?

የደብረ ብርሃን ቤቶች መታየት ጀመሩ። በሰለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ሱፍ አነሳች።

ሱፍ የምትሸጥልኝ መዘዞ ያለች አንዲት በግ አርቢ እናት አለች፣ አለች። ደግ ሴት ናት። አንድ ልጅ አላት፤ የሰው ጭንቀት የሚያወጣ ትልቅ ሰው ሆኗል ትላለች። ፎቶውን አሳየችኝ፣ እንዴት ያለ መልከ መልካም! ከራሷ በጎች ሱፍ፣ በእጇ የአንገት ልብስ ሠርታ በሹፌር ላከችለት። «ቀይ ነው የሚወደው ብላ ቀይ አስነከረችው። ልብሱ ደረሰው አሉ። እሱ ግን ሦስት ዓመቱ፣ አልመጣም። መቼም የሰው እናት ሲመረምር ጊዜ አጥቶ ይሆናል... ለሰው ማሰብ እኮ ነው።

«ታዲያ ምን አየሁ መሰለሽ? እሳቱ አጠገብ አንድ በርጩማ አለች። ልቀመጥ ስል፣ ተይ የልጄ ናት አለችኝ። ማንንም አታስቀምጥባትም። ሲመሽ አጠገቧ ኩርምት ብላ፣ በላህ ወይ? በረደህ ወይ? ትላታለች። አየሽልኝ ለተዬ? ሌላው አራት ዓመት የተማረውን ሕክምና እሷ ሳትማር ታውቀዋለች።»

ማንም አልሳቀም። ለተጊዮርጊስ እንኳ ጉንጯን ለቀቀች። የወጣቱ እጅ ወደ አንገት ልብሱ ሄዶ እዚያው ቀረ።

መናኸሪያ ደረሱ። ወጣቱ ብድግ አለ፣ ኤርፎኑን ነቀለና ዞሮ በሰለችን ዓይን ዓይኗን አያት። በሰለችም ልጄን መልስልኝ ልትለው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልትለው የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው። ፊት ለፊት መናገር ግን ማን አስተምሯት?

ፊቷን ወደ ለተጊዮርጊስ መልሳ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች።

«በይ አሜን በዪ፣ ለተዬ። ለእኒያ ለመዘዞዋ እናት ልጅ እግዜር መልካም ትዳር ይስጣቸው። ቤታቸው በልጅ ይሙላ፣ ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ሽበት ያልብሳቸው። ልጆቻቸውም ምክር ሰሚ ይሁኑላቸው... አባታቸው ለሌላ እናት ልጆች የመከሩትን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ የሚፈጽሙ።»