ከስሮ የነበረው አካሆሺ ቤት ስለ መግዛቱ

በያትሱሺሮ ከተማ ዳርቻ፣ ከእርሻዎቹ አጠገብ፣ ሳንቲም ሲጎርስ ሩዝ የሚፈትግ ማሽን የቆመባት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለች። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ሩዜን ተሸክሜ ስደርስ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመው አገኘሁ። ሁለቱም ዓይናቸውን ማሽኑ ላይ ተክለዋል።

አንደኛው የሰባ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ ሶኖዳ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የታታሚ ሳር፣ ማለትም የወለል ምንጣፍ የሚሠራበትን ሳር ሲያመርቱ ኖረዋል። ሁለተኛው አካሆሺ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ሲሆን በአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ መካኒክ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የራሱ የታታሚ ምንጣፍ ማምረቻ ነበረው። ሰዉ ወለሉን በጣውላ ማልበስ ሲያበዛ ሥራው ቀዘቀዘ፤ በመጨረሻም ፍርድ ቤት ቀርቦ መክሰሩን አስታወቀና ዕዳው ተሰረዘለት። ከተሰረዙት ዕዳዎች አንዱ የሶኖዳ የሳር ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲነጋገሩ ያየ ሰው የለም።

አካሆሺ ሩዙን ከረጢት ውስጥ ከትቶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ሄደ። ሶኖዳ ወደ እኔ ዞሩ። የሂሳብ መምህር ሆኜ ጡረታ ስለወጣሁ ሰፈሩ ሁሉ አሁንም በማዕረጌ ይጠራኛል።

“መምህር፣ ይህ ሰው ያደረገውን ሰምተዋል? የሟች እህቴን ቤት ልግዛ ብሎ ደላላ ላከብኝ!”

“ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገዢ ሲፈልጉ አልነበረም?”

“ገዢ እንጂ! እሱ በምን ይገዛል? በባንክ ብድር ነው አሉ። ስሙ ጥቁር መዝገብ ላይ የሰፈረን ሰው ማን ያበድረዋል? ደግሞስ ሳሬን እንደ ላም በልቶ ለሄደ ሰው የእህቴን ቤት ልሰጥ?”

ወዲያው መኪና መጥታ ቆመች። የልጃቸው ልጅ ካሆ ልትወስዳቸው መጥታ ነው። ካሆ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኩማሞቶ ከተማ ውስጥ በአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ትሠራለች። የአያቷን የመጨረሻ ቃል ሰምታ ኖሮ ከመኪናው ሳትወርድ ፈገግ አለች። እኔም የነገሩን መጨረሻ ለማወቅ ጓጉቼ፣ ሻይ እንጠጣ ሲሉኝ ሳላቅማማ ወደ ቤታቸው ተከተልኳቸው።

“አያቴ፣” አለች ካሆ ሻዩን እየቀዳች፣ “ጥቁር መዝገብ አሉ። አይተውት ያውቃሉ?”

“እኔ ምን አግብቶኝ! የከሰረ ሰው ስሙ እስከ መቃብሩ እዚያ ላይ እንደሚኖር ማንም ያውቃል።”

“እንደዚያ ያለ መዝገብ የለም። ያሉት ሰው የተበደረውንና የከፈለውን የሚመዘግቡ ድርጅቶች ናቸው። መክሰርም ይጻፋል፤ ግን የተወሰኑ ዓመታት ካለፉ በኋላ ይሰረዛል። ማንም ሰው ጥቂት ከፍሎ የራሱን ወረቀት ማስመጣት ይችላል። አሥራ ሦስት ዓመት ያለፈው ሰው ቢያስመጣ፣ የቆየው ነገር ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል።”

“ባዶ ወረቀት ካገኘማ ባንኩ ደስ ይለዋላ!” አልኩ እኔ።

ካሆ ሳቀች። “አይ መምህር፣ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቱ ምንም ተበድሮ የማያውቅ ሰው ሲመጣ ባንክ ይጠራጠራል። ‘ወይ ሁሉን እጅ በእጅ የሚገዛ ነው፣ ወይ አንድ ጊዜ ከስሮ ነበር’ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ነገር፣ ስልክም ይሁን፣ በየወሩ እየከፈለ ገዝቶ አንድም ቀን ሳያዛንፍ ቢጨርስ ይጠቅመዋል።”

ሶኖዳ ደረታቸውን ነፉ። “እኔ ትራክተሬን እንኳ የገዛሁት እጅ በእጅ ነው! የኔን ወረቀት ቢያዩ ተነሥተው እጅ ይነሡኛል።”

“እስቲ ያስመጡት።”

“አስመጣለሁ! ምን እፈራለሁ?”

ከአሥር ቀን በኋላ ሶኖዳ የተከፈተ ፖስታ ይዘው ደጄ መጡ። “መምህር፣ መነጽሬ አርጅቶ ይሆናል። እርስዎ ያንብቡልኝ” አሉኝ። አነበብኩት፤ “በስምዎ የተመዘገበ ነገር አልተገኘም” ይላል።

“ሰባ ስምንት ዓመት የሰው ገንዘብ አስቀርቼ የማላውቅ ሰው! አንዲት መስመር እንኳ?”

አሳዘኑኝም፣ ሳቄም መጣ። እሑድ ካሆ ስትመጣ እኔ ባለሁበት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣሉላት።

“ወረቀቱ የሰውን ክብር አይመዘግብም፣ አያቴ፤ ተበድሮ መክፈሉን ብቻ ነው የሚያውቀው” አለቻቸው።

“ታዲያ የዚያ ሰውዬ ወረቀትም እንደኔው ነው?”

“የሱን ማየት አልችልም። እንደ ስልክ ያለ ነገር በየወሩ ከፍሎ ጨርሶ ከሆነ ግን፣ ባንክ ፊት ከእርስዎ ወረቀት የሱ ይሻላል።”

ሶኖዳ ወረቀቱን እንደገና አንሥተው አገላበጡት። ሲናደዱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግራ ገብቷቸው ሲያስቡ ግን አይቼ አላውቅም። ከዚያ፣ “ጥሩት ያንን ሰውዬ፤ ራሴ እጠይቀዋለሁ” አሉ።

ከሰዓት በኋላ አካሆሺ ከሚስቱ ከሱሚኤ ጋር መጥቶ ተንበርክኮ ተቀመጠ።

“እንዴት አድርገህ ነው ባንክ ያመነህ?” አሉት ሶኖዳ።

“ወረቀቴን ለማስመጣት ብቻ አራት ዓመት ፈርቻለሁ፣ አቶ ሶኖዳ። ሲመጣም ፖስታውን የከፈተችው ሱሚኤ ናት። ስለ መክሰሬ የተጻፈው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ስልክ በየወሩ እየከፈልን ገዛን፤ ለቅድሚያ ክፍያም ቆጠብን። መጀመሪያ የሄድኩት ስከስር በኔ ምክንያት ገንዘቡ የቀረበት ባንክ ነበር፤ አልተቀበለኝም።”

“መዝገቡ ቢሰርዝም ባንኩ የራሱን አይረሳም” አለች ካሆ።

“ሌላ ባንክ ሄጄ ሳልጠየቅ ሁሉንም ተናገርኩ። የባንኩ ሠራተኛ አንድ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መቆየቴን አየና የብድሩን የመጀመሪያ ፈቃድ ሰጠኝ።”

“ብትሞትስ? ሚስትህ ልትከፍል ነው?”

“ከብድሩ ጋር መድን አለ። ብሞት መድኑ ለባንኩ ይከፍላል፤ ቤቱ ለሱሚኤ ይቀራል።”

“የኔስ ገንዘብ? ብድሩ የሃያ አምስት ዓመት ነው አሉ፤ እኔም ያን ሁሉ ልጠብቅህ ነው?”

“አይደለም፤ ባንኩ ቁልፉን በሚያስረክቡበት ቀን ሙሉውን ይከፍልዎታል። የሚጠብቀኝ ባንኩ ነው።”

ሶኖዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። “ስድስት መቶ አርባ ሺህ የን ነበር የሳሬ ዋጋ። ገንዘቡስ ይሁን፤ ግን ለምን አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ‘መክፈል አቃተኝ’ አላልከኝም? ባየኸኝ ቁጥር መንገድ እየተሻገርክ ስትሸሸኝ!”

“ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳለ ጠበቃው ለአንዱ ከሌላው አስቀድመህ እንዳትከፍል፣ ከባለገንዘቦቹም ጋር አንተ እንዳትነጋገር አለኝ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ግን መምጣት እችል ነበር። አፍሬ ቀረሁ። ያ የጠበቃው ጥፋት አይደለም፤ የኔ ነው።” ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ። “አሁንም ከደመወዜ ጥቂት ጥቂት ልክፈልዎት።”

“ሕጉ ሰርዞታል፤ አያቴ ሊጠይቁት አይችሉም። መስጠት ከፈለገም ከብድሩ ገንዘብ መሆን የለበትም” አለች ካሆ።

“ማን ጠየቀው?” አሉ ሶኖዳ። “ይኸው ፊቴ ተቀምጦ ተናገረ። ቀና በል፣ ጉልበትህንም አሳርፍ። ከቤቱ ዋጋ ግን አንድ የን አልቀንስም፤ ሰምተሃል?”

“እንዲቀንሱ አልጠየቅኩም።”

“ጣሪያው ያፈሳል።”

“እናውቃለን፤ ዝናብ ሲዘንብ መጥተን በመስኮት አይተናል” አለች ሱሚኤ። ሽማግሌው ሳቁ፤ እኛም ተከተልናቸው።

በሰኔ የባንኩ የመጨረሻ የብድር ፈቃድ መጣ። ባንክ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ሳለ ገንዘቡ በሶኖዳ የባንክ ደብተር ገባ፣ ቁልፉም አካሆሺ እጅ ገባ። ነገሩ ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩትን ልናገር። ሕግ ዕዳን የሚሰርዘው ሰው እንደገና እንዲቆም ነው፤ እኛ ጎረቤቶች ግን ሕጉ ከተወው በኋላም ያንን ሰው በሐሜት ስናስር እንኖራለን። የከሰረውም ራሱ በፍርሃት ራሱን ያስራል። አካሆሺ የፈራው ወረቀት ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚቀረው ዐወቀ፤ የቀረውንም በትዕግሥት ሠራ። በዚህ የተጠቀመው እሱ ብቻ አይደለም። ሶኖዳ ገንዘባቸውን አገኙ፣ ባንኩ ደንበኛ አገኘ፣ ሁለት ዓመት ተዘግቶ የነበረ ቤትም መስኮቶቹ ተከፈቱ።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ለመቆረጥ ሄጄ ሶኖዳን አገኘኋቸው። ምግብ ቤቷ የተዘጋባትና ከአምስት ዓመት በፊት የከሰረች አንዲት ሴት እዚያው ወለሉን እየጠረገች ለፀጉር ቆራጩ “የኔ ነገር አበቃለት” ስትል ሰሟት። ሳሙና በተቀባ ፊታቸው ቀና አሉ።

“ወረቀትሽን አስመጥተሽ አይተሽዋል?”

“ኧረ እፈራለሁ! ስሜ አሁንም ተጽፎ ቢገኝስ?”

“እሰየው! ስንት ዓመት እንደቀረሽ ታውቂያለሽ” አሏት። “መቼ እንደሚያልቅ የታወቀ ነገር ይጠበቃል፣ ልጄ። ያንቺ ክፋቱ የምትጠብቂውን አለማወቅሽ ነው።”

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ “የት ነው የሚጠየቀው?” አለች።