ስምንተኛው መቀመጫ

የምስክሩ ስም፦ ለዝሃር ሸኑፊ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የቱኒስ–ቴቡርሱክ መስመር ታክሲ ሹፌር
አድራሻ፦ ቱኒስ፣ ባብ ሳዕዱን
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቴቡርሱክ
ጉዳዩ፦ የሐጂ ዓማር ድሪዲ መጥፋት

በዚህ መስመር ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ሐጂ ዓማርንም ሆነ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መኑቢያን ከዚህ በፊት አላውቃቸውም፤ ዝምድናም ጠብም የለንም።

ማክሰኞ ጃንዋሪ 23 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቱኒስ መናኸሪያ ተራዬ ደርሶ ስጭን ሁለቱ አዛውንት ተሳፈሩ። ሐጂ ቆብ ያለው ቡናማ የሱፍ ካባ ለብሰው ነበር፤ በብርድ ጊዜ ሽማግሌ ሁሉ የሚለብሰው ነው። መስመሬ ቴቡርሱክ ላይ ያበቃል። ወይዘሮ መኑቢያ ግን እስከ ዱጋ ፍርስራሽ እንዳደርሳቸው፣ ከሰዓት በኋላም እንድመልሳቸው ለመኑኝ። እኔም “እናቴ፣ በዚህ ዝናብ ድንጋይ ሊያዩ ነው? ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ድንጋይ ፀሐይ እስኪወጣ የትም አይሄድም” ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

ምክንያቱን መንገድ ላይ ነገሩኝ። ሐጂ የተወለዱት እዚያው ፍርስራሹ ውስጥ ነው። ድሮ ሰዉ በሮማውያን ግንብ መሃል ቤት ሠርቶ፣ ፍየል አርብቶ ይኖር ነበር። በኋላ መንግሥት አስነስቶ ታች ሜዳው ላይ አሰፈራቸው፤ ቤቶቹም ፈረሱ። አሁን ሐጂ አእምሯቸው ደክሞ “ወደ ቤት ውሰዱኝ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች” እያሉ በየቀኑ በር ይደበድባሉ። ወይዘሮዋም “ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ቤቱ አለመኖሩን በዓይኑ ይየውና ልቡ ይረፍ ብዬ ነው። እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ” አሉኝ።

4 ሰዓት ላይ ዱጋ በር ላይ አውርጃቸው ተመለስኩ። 9 ሰዓት ላይ ልወስዳቸው ስሄድ ሁለቱም በዝናብ ርሰው ቆመዋል። ሐጂ ተቆጥተው ነበር። “አንተ ሹፌር፣ የት ነው ያመጣኸን? ይሄ ሌላ አገር ነው! የእኛ ደጅ ላይ የበለስ ዛፍ አለ” አሉኝ። ታክሲው ውስጥ ከገቡ በኋላ ወይዘሮ መኑቢያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ።

ቴቡርሱክ መናኸሪያ ስንደርስ ስድስት ሰው ይጎድለኝ ነበር። ታክሲያችን ስምንት ሳይሞላ አይነሳም። ሐጂ አኩርፈው ከኋላ ተቀመጡ፤ ባለቤታቸው ከጎኔ ማሞቂያው አጠገብ ሆነው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሐጂ ወረዱ። ወደ መናኸሪያው ጀርባ ሲታጠፉ አይቼ ሽንታቸውን ሊሸኑ ነው ብዬ ገመትኩ። በዚያ መሃል ተሳፋሪዎች አንድ አንድ እያሉ ገቡ። እኔ የጎማ ንፋስ አይቼ ስመለስ ታክሲው ሞልቷል፤ ከኋላ ጥግ ቡናማ ካባ የለበሱ ሽማግሌ ቆባቸውን አጥልቀው ተቀምጠዋል። ራስ ቆጠርኩ፤ ስምንት። አንድ ጎረምሳ “ሞላ እኮ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሙሽራ?” አለኝ። ሞተር አስነሳሁ።

ወይዘሮ መኑቢያ በሩ ሲዘጋ ባንነው “ሐጂ አለ?” አሉኝ። “ከኋላ ተኝተዋል እናቴ፣ አይቀስቅሷቸው” አልኳቸው። ዞር ብለው ቆቡን አዩና “አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ተኛልኝ” አሉ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቱኒስ ደርሰን ሰው ሲወርድ፣ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዘው ሊያወርዱ ሲሉ ነው የሌላ ሰው ፊት ያዩት።

“ከኋላ ተኝተዋል” ብዬ ስመልስ የሽማግሌውን ፊት አይቼ እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ፣ አላየሁም። ሐጂ መውረዳቸውን አስታውስ እንደነበር ተጠይቄ፣ አስታውስ ነበር። ሲመለሱ አላየሁም። ዞር ብዬ ባጣራና እሳቸው ባይሆኑ መፈለግ ሊመጣ ነው፣ መሽቷል፣ ተሳፋሪው ይጮህብኛል። ስለዚህ ስምንት መሙላቱ በቃኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የዚያን ዕለት ሌሊት ውርጭ ወርዷል። የመንደሩ ሰውና ፖሊስ ሦስት ቀን ፈልገው ወደ ዱጋ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ጫማ ብቻ አግኝተዋል። በሕይወት አሉ ብዬ አላምንም።

ትናንት ወይዘሮ መኑቢያ ደወሉልኝ። “ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ? እንቅልፋሟ እኔ ነኝ የጣልኩት። ነገ ደግሞ ውሰደኝና ልፈልገው” አሉኝ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አላልኳቸውም። መኪናዬ ተበላሽቷል አልኳቸው። መኪናዬ ምንም አልሆነም፤ ዛሬ እዚህ የመጣሁት በእሱ ነው።

መርማሪው የጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልተናገርኩት አልገባበትም፣ የተናገርኩትም አልቀረም፤ እውነቱ ይኸው ነው ብዬ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ለዝሃር ሸኑፊ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ፈትሒ ዓያሪ