ከአልጋዬ የተነሳው ባና

አውቶቡሳችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ሲነሳ፣ ከኋላዬ ወንበር አንዲት ወጣትና አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ያወራሉ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ፣ ልጄ?»

«ጭንቀትና ድባቴ ነው አለኝ፣ እማማ። እኔ ግን በስልክ አንብቤ፣ ኦቲዝም አለብኝ ብዬ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«እሱስ የለብሽም አለ?»

«ገና አላወቅንም አለ።»

«ታዲያ ምን አስከፋሽ?»

«ያንን ስም ሳገኝ ዘመድ ያገኘሁ ነበር የመሰለኝ። ለካ እንደኔ ጫጫታ የሚያስጨንቃቸው፣ ልብስ የሚኮሰኩሳቸው ሰዎች አሉ አልኩ። አሁን ይናፍቁኛል። እናቴም የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ባናውን፣ ከአልጋዬ ያነሳችልኝ ያኔ ነው። ልትመልሰው ነው?»

«ባናው መኮስኮሱን ትቷል?»

«ኧረ አልተወም።»

«እንግዲያው ይህንኑ ንገሪያት።»

እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንገቴን ሲኮሰኩሰኝ የነበረውን፣ እህቴ የሰጠችኝን ሹራብ ቀስ ብዬ አወለቅኩት።