ለቢሮ የተገዛው ካኪ

አላህ ይመስገንና በከተማችን በሱኮሃርጆ ልብስ ስሰፋ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ደንበኞቼ ሲያወሩ ቁጭ ብዬ በመስማት ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከዙሁር ሶላት ስመለስ ጃሙ ሻጯን እትዬ ሱማርኒን በሬ ላይ አገኘኋቸው። ጃሙ የሚባለው የሥራሥር መድኃኒት መጠጥ ጠርሙሶች የታጨቁበትን ቅርጫት ከጀርባቸው አውርደው ሦስት ሜትር ካኪ ዘረጉልኝ።

«ለልጄ ለዌኒንግ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ዩኒፎርም ይስፉልኝ።»

«ፈተናውን አለፈች እንዴ?»

«ኧረ ገና አልተመዘገበችም! ምዝገባው ነገ ያበቃል። ልብሱን ስታይ እንቢ አትልም ብዬ ነው።»

ገና መቀሱን ከማንሳቴ ዌኒንግ እያለከለከች ገባች።

«ጋሽ ዳርሶኖ፣ በአላህ አይቁረጡት! እማዬ፣ ጃሙ ነው የምሸጠው አልኩሽ እኮ።»

«ሰሙልኝ? ዩኒቨርሲቲ የላክኋት ይህን ቅርጫት እንዳታዝል ነበር! ያ የሥራ ፈጠራ ትምህርት የሚሉት ነው ያበላሻት። ንግድ ደግሞ በደብተር ይማራል? እኔን ማን አስተማረኝ?»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። መምህራችን ለአንድ ሳምንት ነግዱ ሲሉን፣ የጃሙ ሻጭ ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ዞሮ የሚያየኝ ጠፋ። ‹ያልተመለሱትን ደንበኞች ፈልገሽ ጠይቂ› አሉኝ መምህሩ።»

«እና ምን አሉሽ?» አልኳት እኔ።

«አንዲት ባልቴት ሳቁብኝ። ‹እናትሽ መራራውን ካጠጣችን በኋላ አንድ ጉንጭ ጣፋጭ በነጻ ትቀዳልናለች። አንቺ ግን ምሬታችንን አሸክመሽ ነው የምትሸኚን› አሉኝ።»

እትዬ ሱማርኒ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ ከኋላዬ ስትከተይ ይህን አላየሽም?»

«አያለሁ፤ ግን ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ትምህርቱ መጠየቅን አስተማረኝ። በማግስቱ ጣፋጩን ይዤ ወጣሁ፤ ተመለሱልኝ። ልቤ ወደዚህ ሥራ ያደላው ያን ዕለት ነው።»

«ወገቤንስ አይተሽዋል?»

«ስላየሁት ነው በጋሪ የምጀምረው። ካልሆነልኝ ፈተናውን በሌላ ዙር እፈተናለሁ።»

እናትየው ካኪውን በእጃቸው ዳሰሱ። ልጅ ተምሮ የወላጁን ሥራ ሲመርጥ ልፋታችን የባከነ ይመስለናል። እኔ ግን መቀሱን አስቀምጬ ለዚያ መምህር ዱዓ አደረግሁ። ልጅቷ ሥራ ለመጀመር ደፍራለች፣ ስትሳሳት ጠይቃ ታርማለች፣ የእናቷንም እውቀት አክብራለች። ከዚህ በላይ ትምህርት ምን ያደርጋል?

«ጋሽ ዳርሶኖ» አሉ እትዬ ሱማርኒ በመጨረሻ፣ «ከዚህ ካኪ የሥራ ሽርጥ ይወጣል?»

«ሁለት ይወጣል።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ይስፉልኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መምህርሽን አምጪልኝ። ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን መራራውን ይጠጡልኛል።»

«ጣፋጩስ?»

«እሱን አንቺ ትቀጂላቸዋለሽ።»