የሼህ አህመዲን አጫጭር ቃላት የት ተቀመጡ?

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከወረኢሉ መጥቼ መካነ ሰላም እንደወረድሁ ዝናብ ያዘኝ። ለመጠለል ወደ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስገባ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት በትሕትና ይከራከሩ ነበር። ሽማግሌው ቁርኣን የሚያስቀሩት ሼህ አህመዲን፣ ወጣቷ ደሴ ተምራ የተመለሰችው የቤቱ ባለቤት ሰብሪያ ነበሩ።

ሼሁ ከአባታቸው የሰሟቸውን መንዙማዎች በኮምፒውተር ይጽፋሉ። ጣቶቻቸውን ሪህ ስለያዛቸው ሦስት መቶ ያህል ረጃጅም ቃላት አሳጥረዋል፤ «ሰወ» ብለው ሲጽፉ ማሽኑ ራሱ «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» ይላል። አሁን ግን ቫይረስ ገብቶበት በየሰዓቱ ይጠፋ ስለጀመረ ወደ ሰብሪያ አምጥተውት ነበር።

«ሼሃችን፣ ፎርማት ካልተደረገ፣ ያለበት ሁሉ ካልጸዳ አይድንም» አለች ሰብሪያ።

«አይሆንም ልጄ። አምና አንድ ባለሙያ እንዲሁ ብሎኝ ጽሑፉን በሲዲ ገልብጦ አጸዳው። ሲመለስ ‹ሰወ› ብለው ‹ሰወ› ብቻ። ጽሑፌ ተርፎ ማሽኑ እኔን ረሳኝ። በስንት ድካም መልሼ አስተማርሁት፤ በዚህ እጅ ዳግም ላስተምረው አልችልም።»

«የገለበጠው ጽሑፉን ብቻ ስለሆነ ነዋ። ያሳጠሯቸው ቃላት ከጽሑፉ ጋር አይቀመጡም።»

«ታዲያ የምጽፍበት ፕሮግራም ውስጥ ናቸው?»

«እዚያም አይደሉም። ዊንዶውስ የሰውን ምርጫ ሁለት ቦታ ያኖራል። አንዱ ሬጅስትሪ የሚሉት፣ ፕሮግራሞች የሚጽፉበት የጋራ መዝገብ ነው። ሌላው በእርስዎ ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ያለ የተሸሸገ ክፍል ነው። የእርስዎ ቃላት ያሉት እዚህ ነው።»

«የራሴን ነገር ከእኔ ለምን ይሸሽጋል?»

«ሰው ሳያውቅ እንዳይሰርዘው ነው። አሳየኝ ካሉት ግን ይታያል።»

እኔም ዓመታት ሙሉ በኮምፒውተር ስሠራ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበርና «ዊንዶውስ ያልሆኑት ሌሎቹስ?» አልኋት።

«ሊኑክስ ላይ በአብዛኛው እያንዳንዱ ፕሮግራም በባለቤቱ ፎልደር ውስጥ የየራሱን ፋይል ይጽፋል። የፋይሉ ስም በነጥብ ከጀመረ አይታይም። ብዙው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ማክም ለየፕሮግራሙ ፋይል ይሰጣል፤ ግን ፕሪፈረንስ በሚባል አንድ ፎልደር ይሰበስባቸዋል።»

ሼሁ ወንበራቸውን አስጠጉ። «በነጥብ ብቻ? በዐረብኛ ነጥብ ‹ባ›ን ከ‹ታ› ትለያለች፤ እነዚህ ፋይል ይሸሽጉባታል።» ፈገግ አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ቢሆንም ካላየሁ አላምንም። ቫይረሱስ አብሮ ቢመጣ?»

«የቃላቱን ፋይል ብቻ ነው የምወስደው፤ እሱንም ፈትሼ።»

የተሸሸገውን ገልጣ ፋይሉን በፍላሽ ወሰደችና በራሷ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው ስፍራ አኖረችው። ሼሁ በአንድ ጣት ሁለቱን ፊደል ነክተው ክፍተት ሰጡ። ሙሉው ሐረግ ወጣ። ሌላ ሞከሩ፤ እሱም ወጣ።

«ወላሂ፣ ይኸኛው ማሽን እኔን አይቶኝ አያውቅም» አሉ። «እንግዲህ ያንን አጽጂው።»

በማግስቱ ስጠይቅ ኮምፒውተሩ ድኖ፣ ቃላቱም ወደ ቦታቸው ተመልሰው ሼሁ ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። በዓመቱ ያ ማሽን ጨርሶ ተቃጠለ። እሳቸው ግን ፋይሉን ከጽሑፉ ጋር በየሳምንቱ መገልበጥ ለምደው ስለነበር አዲስ በገዙ በሦስተኛው ቀን ከመንዙማው መሐል ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ለረመዳንም አትመው አደረሱ።

ለውጥን የምንፈራው ብዙ ጊዜ የደከምንበት ነገር የት እንዳለ ስለማናውቅ ነው። ባለፈው መካነ ሰላም ስሄድ ሼሁን ከጎረቤታቸው ከአቶ አራጋው ቤት አገኘኋቸው። አቶ አራጋው ኮምፒውተራቸው ይጽዳ ቢባሉ «ማሽኔን ማንም አይነካብኝም» እያሉ ይሟገታሉ።

«አብሽር፣ አይነካም» አሉ ሼህ አህመዲን። «መጀመሪያ የሸሸገብህን እናውጣ።»