የታጠበው የራስ ቅል

እትዬ ኦዴሳ ቤት የገባሁት መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ሰምጣብኝ እንጂ ልጠይቃቸው አስቤ አልነበረም። የመንግሥት የቤት አያያዝ አስተማሪ ነኝ፤ ወንዝ ማዶ ላሉት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አትክልት በጠርሙስ አሽጎ ማቆየትን ላስተምር እየሄድኩ ነበር። በአላባማ የጥጥ እርሻዎች መካከል ከዝናብ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ኮሌጅ የገባሁት ጭቃ ለመግፋት አይደለም እያልኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በረንዳቸው ላይ ወጣሁ።

እትዬ ኦዴሳ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ክሌሚ ጋር ደሪቶ ይሰፋሉ። ከአሮጌ ሸሚዝና ከሥራ ሱሪ የተረፈ፣ ጣት የማያክል ቅዳጅ ሁሉ በአቡጀዲ ላይ ጎን ለጎን እየተደረደረ ብርድ ልብስ ይሆናል። እናቷ በወሊድ የሞተችባት የልጅ ልጃቸው ሉላ፣ ተሰፍቶ ባለቀ ደሪቶ ላይ ተኝታ ጫፉን ትጠባለች። ጥርስ እያወጣች ነው።

«መጣች የመንግሥቷ እመቤት!» አሉ እትዬ ክሌሚ። «ዛሬስ ምን ልታስጥዪን ነው? ባለፈው ሽንት ቤቱን ከውሃ ጉድጓድ አርቁ አልሽ፣ አራቅን። አሁን ለመሄድ ስንቅ እንይዛለን።»

«ዛሬ ምንም አላስጥልም። በቅሎና ገመድ ብቻ ያውሱኝ።»

«በቅሎው ከእርሻ እስኪመጣ ተቀመጪ» አሉ እትዬ ኦዴሳ። «መርፌም ያዢ፤ እዚህ ቤት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም።»

የልጅቷ አፍ ዙሪያ ቆስሏል።

«ምን ሆና ነው?»

«ሙቀት ነው፣ ልጄ።»

«ሆዷስ?»

«ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። ጥርስ ሲመጣ ያው ነው።»

አንዱን ቁራጭ አንስቼ ጀርባውን ገለበጥኩት። አቡጀዲው የከረጢት ጨርቅ ነው፤ ከስፌቱ ስር የታተመበት የሰው የራስ ቅል በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ግማሹ በክር ተይዟል፤ ከታቹ የተጠላለፉት አጥንቶች ጫፍ ይታያል።

«እትዬ ኦዴሳ! ይህ ከረጢት ምን ነበረበት?»

«የነቀዝ መግደያ ዱቄት ነዋ! በእንጨት ጫፍ አንጠልጥለን፣ በቅሎ ላይ ሆነን፣ ጤዛ ሳይደርቅ ጥጡ ላይ ስናራግፍ አላየሽም? ሲያልቅ ከረጢቱ የኔ ነው፤ ደሪቶው ሁሉ ከስሩ እሱ ነው።»

«መርዝ እኮ ነው!»

«ታጥቧል! በላምባ ነክሬ፣ በአመድ ሳሙና ቀቅዬ፣ ጽሕፈቱን አስለቅቄዋለሁ። ያቺ ሥዕል ብቻ አምልጣኝ ነው። በሰፈራችን ጽሕፈት ያለበት አቡጀዲ አልጋዋ ላይ የምታነጥፍ ሴት ሰነፍ ትባላለች።»

ፈቃድ ሳልጠይቅ ልጅቷን ብድግ አድርጌ ደሪቶውን ከአፏ ነጠቅሁ። ጮኸች።

«ልጄን ስጪኝ!»

«ያ ነገር እዚህ እስካለ አልሰጥም።»

አላዋቂነትን ለምጃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ያን ቀን ያስደነገጠኝ ግን ንጽሕናቸው ነው። የሚያስጠነቅቃቸውን ብቸኛ ምልክት ሲፈትጉ ውለው፣ አቡጀዲው ሲነጣ ጎረቤት ያመሰግናቸዋል። ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙ ግን በድሩና በማጉ መካከል፣ በወፍራሙ ስፌት ውስጥ ይቀራል። ጽሕፈት የሌለበትን ጨርቅ ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

«እኔ ራሴ ለብሼው እተኛለሁ» አሉ እትዬ ኦዴሳ። «ሞትኩ?»

«እርስዎ አይጠቡትም።»

«መጽሐፍ አንብበሽ ሰውን ማስደንገጥ ተምረሻል!»

«እሺ፣ መጽሐፉን እንተወው። ላምዎን ዱቄቱ ከተረጨበት ማሳ አጠገብ ያስግጣሉ?»

«አበድኩ እንዴ? የክሌሚ ጊደር ባዶ ከረጢት ልሳ አይደለም እንዴ የሞተችው?»

«ያ ከረጢት አልታጠበም ነበር፤ ይህ ታጥቧል። እንግዲያው ይህን ደሪቶ ለእትዬ ክሌሚ በቀረችላቸው ላም ፊት እንዘርጋው። ትላሰው።»

እትዬ ክሌሚ መርፌያቸውን አቆሙ። «ላሜንማ አልሰጥም» አሉ በፍጥነት። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ። «ኦዴሳ... ጊደሬም መጀመሪያ አፏ ነበር የቆሰለው።»

እትዬ ኦዴሳ ደሪቶው ላይ ያለውን ሰማያዊ ቅዳጅ በጣታቸው ዳበሱ።

«ይሄ የልጄ የኤርሊን ቀሚስ ነው። ይቺ ልጅ እናቷን በሌላ አታውቃትም።»

«ኤርሊን ልጇን የሚመርዝ ማስታወሻ አትፈልግም» አልኩ። የከረረ ንግግር ነበር። አልመለስኩትም።

እትዬ ኦዴሳ ደሪቶውን ጠቅልለው ግቢ ካለው የልብስ መቀቀያ ስር ወደሚነደው እሳት ሮጡ። ሊወረውሩት ሲሉ ጮኽኩ።

«አይሆንም! ጭሱም መርዝ ነው!»

በቁማቸው ቀሩ። «አይለበስ፣ አይቃጠል! ታዲያ ሰው ምን ያድርገው?»

«ከውሃ ጉድጓዱ አርቀን በጥልቅ እንቀብረዋለን።»

«ልጄን ሁለት ጊዜ ልቅበራት?»

እትዬ ክሌሚ የሽርጣቸውን ማሰሪያ ከወገባቸው ፈቱ፤ ሰማያዊ ነበር። «ኤርሊን ቀሚሱን ስትሰፋ የተረፋትን ሰጥታኝ ነው» አሉ። «ውሰጂው። ሽርጤን በገመድ አስረዋለሁ፤ ወገቤ እንደሆነ ድሮም አይታይም።»

እትዬ ኦዴሳ ማሰሪያውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና አካፋውን አነሡ። ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ፤ ላግዝዎት ብል አልሰጡኝም። በቅሎው መኪናዬን ሲያወጣ ልጅቷን አቅፈው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ነዳሁ። ሐኪሙ ቁስሉንና መርዙ ያሻከረውን መዳፏን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። ወተትና ንጹሕ መኝታ አዘዘ።

የሉላ አፍ ሽሯል፣ ሆዷም ረግቷል። በወንዙ ዳር ያሉ ሴቶች ዛሬም ቅዳጅ አይጥሉም፤ ቁጠባ መልካም ነው፣ ከብርድም ያድናል። ግን የመርዝ ከረጢት ይቀበራል እንጂ ቤት አይገባም፤ ማንኛውም ከረጢት ደግሞ ማንበብ የሚችል ሰው ሳያየው አይታጠብም። በዚህ ምክንያት እናቶች ልጆቻቸውን ከጥጥ ለቀማ አስቀርተው ትምህርት ቤት መላክ ጀምረዋል። ከኔ ስብከት ይልቅ ያ አንድ ዓይን ሠርቷል።

በቅርቡ ሳልፍ እትዬ ኦዴሳ አዲስ ደሪቶ ይሰፉ ነበር። ሰማያዊው ማሰሪያ መሐሉ ላይ ተሰፍቷል። ከስሩ የገባው የስንዴ ዱቄት ከረጢት ነው፤ ጽሕፈቱም ሳይታጠብ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

«ሰነፍ አይሉዎትም?» አልኳቸው።

«ይበሉኝ» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ሉላ የምትጠባውን አንብባ ትጥባ።»